ደረሰኝ የሌለው ምስጋና

ባለፈው ሚያዝያ የብሎካችን ነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ሰፈሩ ኮዬ ፈጬ ነው፤ እኔና እናቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዞ ነበር። ሰው ሁሉ ቢጫ ጀሪካኑን በሩ ላይ ደርድሮ፣ ከቦቴ ውሃ እየገዛ፣ ወገቡን ይዞ ደረጃ ይወጣል። ስብሰባው ላይ አንዲት አራስ ጎረቤታችን ተነሥታ ውሃው መቼ እንደሚመጣ የሚነግረን ሰው እንኳን የለም፣ አቤቱታ በጽሑፍ ይግባ ብላ ተናገረች። ጭብጨባ ተጀምሮ ነበር። ከዚያ አንድ የተከበሩ ጋሼ ብድግ አሉና «ኧረ ተመስገን በሉ! ስንቱ ከሰው ቤት ሰው ቤት ዕቃውን ሲያስጭን እናንተ በገዛ ጣሪያችሁ ሥር ቁጭ ብላችሁ ታማርራላችሁ?» አሉ።

በቃ፣ ስብሰባው እዚያው ላይ አለቀ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፣ አንዳንዱ «አሜን» አለ። አቤቱታውን የሚጽፍ ሰው ሳይመረጥ ተበተንን። ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ ደረጃውን ስትወጣ ከኋላዋ ነበርኩ፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያች አንድ ቃል ምክንያት ነው። «ተመስገን በል» በዚህ አገር አፍ ለማዘጋት የሚያህለው የለም። ደመወዝህ አልበቃ ሲልህ «ሥራ ስላለህ ተመስገን በል»። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሁለት ሰዓት ስትቆም «እግር ስላለህ ተመስገን በል»። መብትህን ስትጠይቅ «ከአንተ የባሰ አለ፣ ተመስገን በል»። እኔ ምስጋናን አልቃወምም፤ ከእናቴ ጋር የሚኖር ሰው ምስጋናን መቃወም አይችልም። የምቃወመው ደረሰኝ የሌለውን ምስጋና ነው። ማን እንደተቀበለ፣ ምን እንደተቀበለ፣ በማን ኪሳራ እንደተቀበለ የማይናገረውን። ድሮ እኮ እንዲህ አልነበረም። ድሮ ስል ደግሞ በጣም ድሮ ማለቴ ነው።

ከእናቴ ልጀምር። በ1997 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበች። ያን ቀን ለቁልቢ ገብርኤል ተሳለች፤ ቤት ከደረሰኝ ጥላ አስገባለሁ ብላ። ዕጣው የወጣላት በየካቲት 2011 ነው። አሥራ አራት ዓመት ማለት ነው። ቁልፉ እጇ እስኪገባ እንኳን አልጠበቀችም፤ በሚቀጥለው ታኅሣሥ 19 ጥላዋን ታቅፋ ቁልቢ ወረደች። ስታስረክብ ስሟን ተናገረች። ምን ብላ እንደተሳለች፣ ስንት ዓመት እንደጠበቀች፣ ምን ይዛ እንደመጣች ተናገረች። ተመዘገበላት። ቁልቢ ራሱ የስለት ልጅ ነው፤ ራስ መኮንን ከዓድዋ ድል በኋላ ስለታቸውን ለመክፈል ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ነው ይባላል።

እናቴ ያደረገችው ነገር ዕድሜ ከቁልቢም ከዓድዋም በብዙ ይርቃል። «ስለት» የምንለው ቃል በግዕዝ «ስእለት» ነው፤ «ሰአለ» ከሚለው፣ ለመነ፣ ጠየቀ ከማለት የመጣ። ያው ሥር በዕብራይስጥም በአራማይክም አለ። አራማይክ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። «ሃይማኖት»፣ «ጣዖት»፣ «ኦሪት»፣ «ምጽዋት» የምንላቸው ቃላት ወደ ግዕዝ የገቡት ከዚያ እንደሆነ የቋንቋ ሊቃውንት ከተስማሙ ቆይተዋል። የምናምንበትን ቃል ከነሱ ከተዋስን፣ እንዴት እንደሚያመሰግኑ ብናይ ነውር የለውም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው ወይም በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ ባርሐዳድ የተባለ የአራም ንጉሥ ዛሬ ሶርያ ውስጥ ከሐለብ ከተማ በስተሰሜን አንድ ድንጋይ አቆመ። ድንጋዩ ላይ መልቃርት የተባለው አምላክ ምስል ተቀርጿል፤ ከሥሩ አራት አምስት መስመር ጽሑፍ አለ። የሚለው አጭር ነው፦ ይህን ድንጋይ ያቆመው እገሌ የእገሌ ልጅ ነው፤ ያቆመው ለጌታው ለመልቃርት ነው፤ ምክንያቱም ተስሎለት ነበር፣ እሱም ድምፁን ሰምቶታል። አለቀ። ስም፣ ተቀባይ፣ ስለት፣ መልስ፣ ክፍያ። ቁልቢ በር ላይ እናቴ የተናገረችው በቅደም ተከተሉ ይኸው ነው።

ከእሱ ብዙም ሳይርቅ፣ በ800 ዓመት ቅድመ ልደተ ክርስቶስ አካባቢ፣ የሐማት ንጉሥ ዛኩር ሌላ ድንጋይ አቆመ፤ ዛሬ ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ውስጥ ነው። ዛኩር ችግሩን አድበስብሶ አላለፈም። የከበቡትን ነገሥታት ይቆጥራል፤ ከፊሎቹን በየስማቸው ይጠራል። ከከተማዋ ቅጥር ከፍ ያለ ግንብ እንደሠሩባት፣ ከጉድጓዷ የጠለቀ ጉድጓድ እንደቆፈሩባት ይናገራል። ከዚያ እጁን ወደ በዓልሻማይን ማለትም ወደ ሰማይ ጌታ እንዳነሣ፣ እሱም በነቢያት አፍ አትፍራ ብሎ እንደመለሰለት ይጽፋል። ልብ በሉ፤ ዛኩር ምስጋናውን የጻፈው መከራውን በዝርዝር ካስመዘገበ በኋላ ነው። ለእሱ ማመስገን ማለት ችግር አልነበረም ማለት አይደለም። ችግሩ ይህንን ያህል ነበር ማለት ነው።

ነገሥታት ናቸው እንዳትሉኝ። ከዚያ አንድ ሺህ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ በሶርያ በረሃ ባለችው ፓልሚራ፣ ተራ ሰዎች ትንንሽ የድንጋይ መሠዊያ ያቆሙ ነበር። ወንድም ሴትም። አምላኩን በስሙ አይጠሩትም፤ ስሙ ለዘላለም የተባረከ፣ ቸርና ርኅሩኅ ብቻ ይሉታል። ከዚያ ግን የራሳቸውን ስም ይጽፋሉ፣ ወርና ዓመቱን ይጽፋሉ፣ ለራሳቸውና ለልጆቻቸው ሕይወት ሲሉ እንዳቆሙት ይጽፋሉ፤ ብዙዎቹ ጠርተውት እንደመለሰላቸው ይጨምራሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ዓይነት መሠዊያዎች ተገኝተዋል። የእግዚአብሔርን ስም ለመጥራት የፈሩ ሰዎች የራሳቸውን ስም ለመጻፍ አልፈሩም። እኛ ተገላብጦብናል፤ የእሱን ስም በየዓረፍተ ነገሩ እንጠራለን፣ የራሳችንን ስም ግን አቤቱታ ላይ አንፈርምም።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2007 በትግራይ ውቅሮ አጠገብ፣ መቃብር ጋዕዋ በተባለ ቦታ፣ አልመቃህ ለተባለው አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ ተገኘ። መሠዊያው ላይ ጽሑፍ አለ፤ ዋዕራን የተባለ ንጉሥ ለአልመቃህ እንዳሠራው ይናገራል፣ የሃንም ይጠቅሳል። ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ አለው። እዚህ አገር በድንጋይ ላይ መጻፍ ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች አንዱ እንዲህ ያለ ደረሰኝ ነው ማለት ይቻላል፦ ማን፣ ለማን፣ ምን።

ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ፤ ዒዛና። በ4ኛው መቶ ዓመት የነገሠው የአክሱም ንጉሥ። ስለ ቤጃ ዘመቻው ያስቀረጸው ጽሑፍ በግሪክኛ፣ በግዕዝና በሳባ ፊደል ተጽፏል። አክሱም ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ አንደኛው ድንጋይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ገበሬዎች ያገኙት ነው። ትምህርት ቤት ስንማር «ዒዛና በሦስት ቋንቋ ጻፈ» ተብለን አለፍን። ምን ብሎ ጻፈ? የሚለውን የጠየቀ አልነበረም።

የጻፈው ይህንን ነው። ቤጃዎች ሲያምፁ ሁለት ወንድሞቹን ላከ። ስድስት ነገሥታትን ከነሕዝባቸው ማረኩ። ከብት 3,112፣ በግ 6,224፣ የጭነት እንስሳ 677። ከዚያ ሰዎቹን ከአገራቸው አንሥቶ ወደ ሌላ ቦታ አሰፈራቸው። ብዛታቸው 4,400። አራት ወር ፈጀ። በመንገድ ላይ በየቀኑ 22,000 እንጀራ ዳቦ ይሰጣቸው ነበር። እስቲ አካፍሉት፤ ለአንድ ሰው በቀን አምስት ይደርሰዋል። ሥጋም መጠጥም ነበረ። ከደረሱ በኋላ ለስድስቱ አለቆች 25,140 ከብት ሰጣቸው፤ ለእያንዳንዱ 4,190። መጨረሻ ላይ ለዚህ ሁሉ ምስጋና ይሆን ዘንድ ለወለደውና ለማይሸነፈው አምላክ አንድ የወርቅ፣ አንድ የብር፣ ሦስት የነሐስ ሐውልት አስገባ። ግሪክኛው አሬስ ይለዋል፣ ግዕዙ ማሕረም።

ይህን ሳነብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሰብኩት ስለ አክሱም አይደለም። ያሰብኩት ስለ ኮዬ ፈጬ ነው።

ምክንያቱም የዒዛና የምስጋና ድንጋይ፣ ከአምላኩ ስም ቀጥሎ፣ ከመሬቱ የተነሣውን ሰው ቁጥር ይዟል። ስንት ሰው እንደተነሣ። በመንገድ ምን እንደበላ። ሲደርስ ምን እንደተሰጠው። ስንት ወር እንደፈጀ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። እስቲ አሁን የኛን ድንጋዮች እንይ። አለን እኮ፤ የኛም ዘመን የምስጋና ድንጋይ ያቆማል። በየትምህርት ቤቱ፣ በየመንገዱ፣ በየሕንፃው በር ላይ የተለጠፈችውን እምነ በረድ አስቡ፦ ይህ ፕሮጀክት በክቡር እገሌ በዚህ ቀን ተመረቀ። ስም አለ፣ ማዕረግ አለ፣ ቀን አለ። መጋረጃ ይገለጣል፣ ይጨበጨባል። በቦታው ላይ ማን ይኖር እንደነበረ፣ ስንት ሆኖ እንደተነሣ፣ ምን እንደተሰጠው የሚናገር አንዲት እምነ በረድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም።

የሚመጣብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «አንተ ደግሞ፣ ዒዛናን የሰብአዊ መብት ኮሚሽነር አደረግኸው!» አላደረግሁትም። ቁጥሩን ያስቀረጸው ለርኅራኄ ሳይሆን ለመኩራት ነው። ያው ንጉሥ በሌላ ጽሑፉ ለማሕረም ምስጋና 100 ከብትና 50 ምርኮኛ እንዳቀረበ ይናገራል። ሃምሳ ሰው። ለአምላክ የሚሰጠው ውለታ ከሌላ ሰው ልጅ ሥጋ ተከፈለ ማለት ነው። ከዚያም በኋላ አምልኮው ሲለወጥ፣ ማሕረም ቀርቶ «እግዚአ ሰማይ» ሲመጣ፣ በኖባ ዘመቻው ጽሑፍ ላይ ይኸው ቆጠራ ይቀጥላል፦ የተማረኩ 629፣ የተገደሉ 758፤ ከተገደሉት ውስጥ 156ቱ ሴቶችና ሕፃናት። በዚያው ድንጋይ ላይ ደግሞ ሕዝቡን በጽድቅና በፍትሕ እገዛለሁ፣ አልበድልም ይላል።

ያማል። ማመሙም ልክ ነው። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ዒዛናን ዛሬ መክሰስ የምችለው ራሱ በሰጠኝ ቁጥር ነው። 156 የሚለውን እኔ አልፈጠርኩትም። «አልበድልም» ካለበት መስመር ጋር አስተያይቼ፣ ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህስ? ማለት የምችለው ሁለቱንም ስለጻፈ ነው። የጻፈ ሰው ሲዋሽ ይያዛል። ያልጻፈውን በምን ትይዘዋለህ? «ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ፕሮጀክቱ በስኬት ተጠናቀቀ» ብሎ የሚያልፈውን ሰው በየትኛው መስመር ትጠይቀዋለህ? ከዒዛና የምንማረው ሃምሳውን ምርኮኛ አይደለም። ቆጥሮ መጻፉን ነው።

ሁለተኛው ክርክር ከሃይማኖተኛው ወገን ይመጣል፦ ለእግዚአብሔር የሚሰጥ ምስጋና ሂሳብ የለውም፣ ይቆጠራል ወይ? እኔ ደግሞ ኧረ የራሳችሁን ታሪክ አንብቡ እላለሁ። የድሮ ገዳሞቻችን ለፈጣሪ የተሰጠ መሬት የት ይጻፍ ነበር? ወንጌሉ ላይ ነው እኮ! በብራናው ባዶ ገጽ ላይ፣ በቅዱሱ መጽሐፍ ውስጥ፦ ሰጪው ማን፣ መሬቱ የት፣ ምስክሮቹ እነማን። መጨረሻ ላይ ይህንን ያፈረሰ የተገዘተ ይሁን ይባላል። ወንጌልና የመሬት መዝገብ በአንድ ጥራዝ። አባቶቻችን ምስጋናና ሂሳብ የሚጣሉ መስሏቸው አያውቅም። የሚጣሉ የመሰሉን እኛ ነን፤ የመሰለንም ስለሚመቸን ነው።

እንግዲህ ወደ ሰፈሬ ልመለስ። ኮዬ ፈጬ ስሙን የወረሰው ከገበሬ መንደር ነው። የአቃቂ ሜዳ ነው፤ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስር የሚያበቅል ጥቁር አፈር። እናቴ በየካቲት 2011 ዕጣ ከወጣላቸው ከሃምሳ ሺህ በላይ ሰዎች አንዷ ነበረች። ዕጣው በወጣ ማግስት በኦሮሚያ ከተሞች ወጣቶች ተቃውሞ ወጡ፤ የክልሉ መንግሥትም ተቃወመ። እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብላ ታለቅስ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ጠብቃለች፣ ከደመወዟ ቆርጣ ቆጥባለች፣ ማንንም አልቀማችም። ይህ እውነት ነው። በዚያው ሰዓት መንገድ ላይ የወጣው ልጅም አባቴ ያረሰው መሬት ነው ሲል አልዋሸም። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት በአንድ ድንጋይ ላይ የጻፈልን ሰው ስላልነበረ፣ እናቴና ያ ልጅ በቴሌቪዥን መስኮት ተያዩ።

ሂሳቡ እንዴት ይሠራ እንደነበረ ሕጉ ላይ አለ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40፤ ስለዚህ ገበሬው ሲነሣ የሚካሰው የመሬቱን ዋጋ ሳይሆን በላዩ ያለውን ንብረትና ያጣውን ገቢ ነው። በአዋጅ ቁጥር 455/1997 መሠረት ለእርሻ መሬት የማፈናቀያ ካሳው ካለፉት አምስት ዓመታት አማካይ ዓመታዊ ገቢው አሥር እጥፍ ነበር። ከ2011ዱ ዕጣ በኋላ በሥራ ላይ የዋለው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን ከፍ አደረገው። በቀላሉ እናስላው፦ ከአያቱ ጀምሮ ያረሰው፣ ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው መሬት በአሥር ዓመት ምርት ተዘጋ። አሥራ አንደኛው ዓመት ላይ ምን ይብላ? እናቴ ዕጣ የጠበቀችው አሥራ አራት ዓመት ነው። እሷ ቤት ለማግኘት የጠበቀችው ጊዜ፣ ለእሱ የእርሻውን ሕይወት በሙሉ ይተካል ከተባለው ይረዝማል ማለት ነው።

አሁን የራሴን ኃጢአት ልናገር። የብሎካችን ዘበኛ እዚሁ የተወለዱ ሰው ናቸው። ኦቦ እላቸዋለሁ። አንድ ማታ በር ላይ ቆመን ስናወራ፣ የኛ ብሎክ ያለበት ቦታ የአባታቸው የሽምብራ ማሳ እንደነበረ ነገሩኝ። እጃቸውን ዘርግተው ከዚህ እስከዚያ ብለው አሳዩኝ፤ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ቆሻሻ ገንዳው። ምን እንደምል ጠፋኝ። እና ምን አልኩ መሰላችሁ? «ለማንኛውም ሥራ አግኝተዋል፣ ተመስገን ነው ኦቦ።»

ትንሽ ዝም ብለው «ዋቃንማ ጠዋት ማታ አመሰግናለሁ። አንተ ምን ሰጠኸኝ?» አሉኝ።

እንደ ጋሼው ነበርኩ። ከጋሼውም የባስኩ። እሳቸው ቢያንስ ለራሳቸው ብጤ ነው የተናገሩት፤ እኔ በሰውየው የአባት ማሳ ላይ ቆሜ ነው ምስጋና የጠየቅሁት። የዚያን ዕለት ነው የገባኝ፤ «ተመስገን በል» ብዙ ጊዜ ጸሎት አይደለም። ትእዛዝ ነው። የሚታዘዘውም ሁልጊዜ ታች ያለው ሰው ነው። ዘበኛው ለባለ ቤቱ «ተመስገን ይበሉ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ተበዳሪ ለአበዳሪ፣ ሠራተኛ ለአለቃ?

ኦቦ ደግሞ ምስጋናን ከእኔ አይማሩም። ክረምቱ ሲወጣ ኢሬቻ የሚወርድ ሕዝብ ሰው ናቸው። ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ ከኮዬ ሩቅ አይደለም፤ ከመስከረም 2012 ጀምሮ ደግሞ ሆራ ፊንፊኔም አለ። እርጥብ ሣርና አበባ ውሃ ውስጥ ነክሮ ከጨለማው ክረምት ወደ ብራው ስላወጣኸን ማለት ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «ገለታ» የሚለው ቃል እንኳን የጋራችን ነው፤ በኦሮምኛም ምስጋና ነው፣ በአማርኛም «ገለታ ይግባው» እንላለን። ምስጋናው አልጎደለም። በሁለቱም ወገን ሞልቷል፣ ይፈሳል። የጎደለው ደረሰኙ ነው።

ስለዚህ ምን ይደረግ ትሉኛላችሁ። ትልቅ ነገር አልጠይቅም። አንደኛ፣ አቤቱታ ይዞ ለቆመ ሰው «ተመስገን በል» አትበሉ። ሊያመሰግን ከፈለገ አምላኩን ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ በአዲስ ቁልፍ ፎቶ ሥር «ተመስገን» ብላችሁ ስትለጥፉ እንደ ባርሐዳድ ጨርሱት፤ ስንት ዓመት እንደጠበቃችሁ፣ ማን እንደረዳችሁ፣ ምን እንደከፈላችሁ። የሚጠብቀው ሰው ቢያንስ መንገዱን ይይበት። ሦስተኛ፣ ሪባን ለሚቆርጡት፦ እምነ በረዱ ላይ ቦታ አለ። ከማዕረጉ ሥር አንድ መስመር ጨምሩ፤ እዚህ ይኖር የነበረ ይህን ያህል አባወራ፣ የተሰጠው ይህን ያህል፣ አሁን ያለው እዚህ ቦታ። ያለ ኮምፒውተር፣ በመዶሻና በመሮ፣ 25,140 ብሎ መጻፍ የቻለ አገር ነው።

እኔም ከራሴ መጀመር ስላለብኝ በወረቀት ላይ የራሳችንን ጻፍኩ። እንዲህ ይላል፦

ይህን ቤት የተቀበለችው አንዲት እናት ናት። አሥራ አራት ዓመት ጠበቀች፣ ተሳለች፣ ተሰማች፣ ጥላ አስገባች። ቤቱ የቆመው የሽምብራ ማሳ ላይ ነው። ማሳውን ያርስ የነበረው ሰው ልጅ የቤቱን በር ይጠብቃል። ይህ የተጻፈበት ሳምንት ውሃ ከጠፋ 3ኛ ሳምንት ነው። ስለተሰጠን እናመሰግናለን፤ የተወሰደውንም አንክድም።

እናቴ መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ሁለቴ። «ውሃውን ከምስጋናው ጋር ምን አገናኘው?» አለች መጀመሪያ። ከዚያ ትንሽ አሰብ አደረገችና «የሰውየውን አባት ስም ለምን አልጻፍክም?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ስሙን አላውቀውም ነበር። በማግሥቱ ወርጄ ጠየቅሁ፣ ነገሩኝ፤ ኮፒው ላይ ጨመርኩት። እዚህ የማልጽፈው ስሙ የኔ ሳይሆን የሳቸው ስለሆነ ነው።

የውሃውን አቤቱታ ደግሞ እኔው ጻፍኩት። «ቤት ስላገኘን ፈጣሪን እናመሰግናለን» ብሎ ይጀምርና ቀጥሎ ቀኖቹን አንድ በአንድ ይቆጥራል። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ዘጠኝ ሰው ፈረመበት፤ የመጀመሪያዋ አራሷ ጎረቤቴ ናት። ወረቀቱን ይዤ ጋሼ ቤትም አንኳኳሁ። «ትቼው አድራለሁ፣ ላስብበት» አሉኝ። እያሰቡበት ነው።